የወንድሜ ቅጂዎች

መገናኛ አጠገብ በነበረው ፎቶ ቤት ሥራ ስጀምር አለቃዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ ኦርጅናሉን አለመንካት ነው። «ዱፕሊኬት ሳታደርጊ እንዳትጀምሪ፤ ብታበላሺም የምታበላሺው ቅጂውን ነው» ይለኝ ነበር። ፎቶሾፕ ላይ ሌየር፣ ማለትም ምስሉ ያለበትን ንብርብር፣ ማባዛት ሁለት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ አንዱ ሰው ወዲያው ሁለት ይሆናል። ሙሽሮችን ሳሳምር፣ የተመራቂዎችን ብጉር ሳጠፋ ስንቱን ሰው እንዳባዛሁ እንጃ። አንድም ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ታላቅ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ነበረው። ፎቶውን በኢሜይል ወደ ፎቶ ቤቱ ይልካል፤ እኔ አትሜ ፈረንሳይ ሠፈር ወዳለው ቤታችን ይዤ እገባለሁ። እናታችን ጆሮዋ ስለደከመ ስልክ አይሆንላትም፤ ከልጇ ጋር የሚያገናኛት ፎቶው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አጎቴና ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ፎቶ ቤቱ ድረስ መጡ። ቤት ሳይሆን ሥራ ቦታዬ መምጣታቸው ብቻ ደህና እንዳልሆነ ነገረኝ። ወንድሜ በመኪና አደጋ ሞቷል። ጀርባ ያለው ክፍል ገብቼ አፌን በሹራቤ አፍኜ አለቀስኩ፤ ጮኼ ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደልኝም። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ሐኪሟም ድንጋጤ እንዳይነካት አስጠንቅቋል። ስለዚህ ትንሽ እስኪሻላት መርዶው እንዳይነገራት ወስነው ነው የመጡት።

«ፎቶ ከቀረባት ግን ትጠረጥራለች» አለ አጎቴ። «አንቺ ደግሞ ኮምፒውተሩን ታውቂበታለሽ።»

የመጨረሻውን ፎቶ ከፈትኩ። ሌየሩን አባዛሁ፤ ወንድሜን ከሱቁ ቆርጬ አወጣሁት፤ ሌላ ጃኬት አለበስኩት፤ ከኋላው መናፈሻ አስገባሁ። አንገቱን ደጋግሜ አበላሸሁት። እናቴ ፎቶውን ተቀብላ «ወፈር ብሏል፣ ተመስገን» አለች። እፎይ አልኩ ብል ውሸት ነው፤ ሻይ ልጣድ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ የገዛ ቤቴን ፈራሁት። በሩን ከመክፈቴ በፊት ቆሜ አዳምጣለሁ። ስታስል እረጋጋለሁ፤ ዝም ካለች ልቤ ከቦታው ይወጣል። ጎረቤት ፊቱን አጥቁሮ ሲገባ እንዳይናገር በዓይኔ እለምነዋለሁ። ጥቁር ለብሳ የመጣችውን የአክስቴን ልጅ እናቴ ተኝታለች ብዬ ከደጃፍ መልሻታለሁ፤ ኩስትር ብላ ሄደች።

ለፋሲካ ሌላ ፎቶ አስፈለገ። ያው ፊት፣ ያው ፈገግታ እንዳይሆንብኝ የተባዛውን ሌየር ግራና ቀኙን ገለበጥኩት። ብልጠቴም ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ፎቶውን በአውራ ጣቷ ስትዳብስ ግን በትከሻዋ በኩል አየሁና ክው አልኩ። ወንድሜ በልጅነቱ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል እየሮጠ ሲወርድ ወድቆ ግራ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ነበር። እኔ ጠባሳውን ወደ ቀኝ አዙሬዋለሁ።

ፎቶውን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስገባችና ራት አቅርቢ አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። ሥራ ላይ ሆኜ ስልክ በጮኸ ቁጥር ወደቀች የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ልወጣ ስል ጠራችኝ። ፎቶው እጇ ላይ ነበር። ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ መድኃኒቷን ፈለገ፤ ብትወድቅ ማን ታክሲ እንደሚጠራልኝ እያሰብኩ ነበር።

«ቅንድቡን አስተካክይው» አለችኝ ቀስ ብላ። «አጎትሽ ካየው ይደነግጣል።»

«እማዬ…» ብዬ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ።

«ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሮ አውቄያለሁ። ያን ቀን ስትሰጪኝ ዓይኔን ማየት አቃተሽ። ልጅሽ ደህና ነው ለማለት ዓይን አይሸሽም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈራችሁልኝ፤ እናንተን ምን ልበላችሁ?» አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋችና መልሳ አወረደችው። «አሁን ግን አልቻልኩም፣ ልጄ። ንገሪያቸውና ይምጡ። መርዶ ሳይነገረኝ እንዴት ላልቅስ?»