የንስሐ አባቴ ያላሉት ቃል

የአገሪቱ መሪ ዓመታዊ ንግግራቸውን በሚያሰሙበት ቀን ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው የወረዳ መሥሪያ ቤታችን ሥራ ይፈታል። አዳራሹ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ሠራተኛው ይሰበሰባል፣ ለጉዳይ ከገጠር የመጣው ባላገርም «ግባና ስማ» ይባላል። የእኔ ሥራ ዜና መጻፍ ነበር። ንግግሩ እንዳለቀ የሦስት የአራት ሰው አስተያየት ቀድቼ፣ አሳጥሬ ለሬዲዮ እልካለሁ።

ያን ዓመት ቀና ስል በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ የንስሐ አባቴን አየኋቸው። በቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ የተማሩ ካህን ናቸው፤ ግን እንደ ሰፈራቸው ካህናት ሁሉ በሬ ጠምደው ያርሳሉ። እናቴን ፍትሐት አድርሰው የቀበሩ፣ ልጆቼን ያጠመቁ እሳቸው ናቸው። መስከረም ላይ የወረደ በረዶ የሰፈራቸውን ገብስ ከመሬት አስተኝቶት ስለነበር፣ ሕዝቡ «ተጎጂ ተብለን እንመዝገብ» የሚል ማመልከቻ አስይዞ ልኳቸው ነው የመጡት። ወረቀቱን ለጸሐፊዋ ሰጥተው መልስ እየጠበቁ ነበር።

መሪው ስለ መንገድ ተናገሩ፣ ስለ ሰላም ተናገሩ፣ ስለ ስንዴ ደግሞ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ንግግሩ አልቆ ሰው ሲወጣ ስልኬን መቅረጫ ላይ አድርጌ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«አባ፣ ንግግሩን እንዴት አገኙት?»

«ደስ ይላል» አሉ። «አገር ከጠገበ ምን ደስ የማይል ነገር አለ? ስንዴውንም ሲያሳዩት አምሮ አየሁት። የእኛ ገብስ ግን እንደምታውቀው ተኝቷል፣ ልጄ። በረዶ የመታው ሰው እስከሚቀጥለው አዝመራ የሚደርስበት እህል የለውም። እሱንም አብረው ቢያነሡት መልካም ነበር።»

ቢሮዬ ገብቼ ልጽፍ ስል ኃላፊዬ በበሩ ብቅ አለና «ዛሬ እንኳ ቅሬታ አታምጣብኝ» ብሎኝ አለፈ። ጥፋቱን በእሱ ላላክክ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። ግን እሱ የአባን ድምፅ አልሰማም፤ የሰማሁት እኔ ነኝ። «ደስ ይላል» ያሉትን ጻፍሁ፣ ስለ ገብሱ ያሉትን ሰረዝሁ። ዜናው አጭር ሆኖ ሲታየኝ «በአካባቢያችንም የዘንድሮው ምርት ጥሩ ነው» የሚል ከራሴ ጨመርሁበት። ማመልከቻቸው ገብቷል፣ ይህ ምን ይጎዳቸዋል ብዬ ነበር። ጽፌ ስጨርስ ምሳ ሰዓት እንኳ አልደረሰም። በማግስቱ ጠዋት ከነስማቸው፣ ከነማዕረጋቸው፣ ከነቀበሌያቸው በሬዲዮ ተነበበ።

ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ገበያ ውስጥ ከዚያ ሰፈር የሆነች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አገኘሁ። አንድ በግ ይዛ ቆማለች። ሰላም ከተባባልን በኋላ ስለ ምዝገባው ጠየቅኋት።

«ቀረ» አለችኝ። «መዝጋቢዎቹ መጥተው ‹የእናንተው ቄስ ምርቱ ጥሩ ነው ብለው በሬዲዮ ተናግረው የለም ወይ?› አሉን። አባታችን ምን ነክቷቸው እንዲህ እንዳሉ አልገባንም። ስንጠይቃቸው ‹እግዜር ያውቃል› ብለው ዝም ነው። ሰዉም አኩርፏቸዋል። ለተዝካር እንኳ ቄስ የሚጠራው ከሌላ ደብር ነው።»

የጻፍሁት እኔ መሆኔን አታውቅም። እዚያው ልነግራት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን በጓን ዳበስ አድርጌ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሁለተኛዋ ነው» አለችኝ። ገበያ ይቅናሽ ብያት ሄድሁ።

ከዚያ በኋላ አባን ሸሸሁ። እሑድ ሲሆን ሌላ ደብር አስቀድሳለሁ። አንድ ቀን ከባጃጅ ሲወርዱ አይቼ አንድ ሱቅ ውስጥ ገባሁና የማልፈልገውን ክብሪት ገዝቼ እስኪያልፉ ቆየሁ። በጣም ያሳፈረኝ ዝምታቸው ነበር። ያሉትን ያውቃሉ፣ ያናገራቸው ማን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ስሜን ግን አላነሡም።

የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው አልቻልሁምና ሄድሁ። ማሳቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው፣ ከወደቀው ገብስ ፍሬ የተረፈውን በማጭድ እየለዩ ይሰበስባሉ። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝና ድንበሩ ላይ ተቀመጥን።

«አባ፣ ንስሐ ልገባ ነው የመጣሁት» አልሁ። የቆረጥሁትንም የጨመርሁትንም አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ስለ በጓ የጠየቅሁትን ሳይቀር።

«ዐውቀዋለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ልጄ ዋሸብኝ ልበላቸው? አንተም እንጀራህ ነው፣ ልጆች አሉህ። ደግሞ ራስህ ትመጣለህ ብዬ ጠበቅሁህ።» ማጭዱን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ቆየህ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጾም ጨምር፣ ስግደት ስገድ ይሉኛል ብዬ ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁ።

«ስግደቱ ይቆይ» አሉ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና። ለእኔ የነገርከኝን ለእነሱ ንገራቸው።»

«ለመሥሪያ ቤቱስ፣ አባ?»

«እሱን እኔ አላዝህም። አንተ ታውቃለህ።»

እሑድ ዕለት ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ቅጽሩ ውስጥ እንደ ቆመ ወደ መሐል ገባሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያሰናዳሁት ንግግር ጠፋኝ። «አባ ምርቱ ጥሩ ነው አላሉም። እሳቸው የተናገሩት ስለ በረዶው ነው። ያንን አውጥቼ የጣልሁት፣ ያላሉትንም የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁ። የሰደበኝ የለም። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ወደ አባ ሄዱና ጉልበታቸውን ሳሙ። ሌሎቹም ተከተሉ። ያቺ በጓን ይዛ ያገኘኋት ሴት ግን ወደ እኔ መጣች።

«ታዲያ አሁን ስማችን ይገባል?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ልትለን ነው እስከዚህ የመጣኸው?» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

በማግስቱ ለመዝጋቢዎቹ መሥሪያ ቤት የሆነውን ሁሉ በደብዳቤ ጽፌ፣ የአባን ድምፅ ከስልኬ ቀድቼ ከደብዳቤው ጋር አያያዝሁ። ኃላፊዬ አንብቦ «ይህ ከዚህ ቢሮ ከወጣ አንተም ትወጣለህ» አለኝ። ደብዳቤው ወጣ። እኔም ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርሁ፤ ዛሬም እዚያው ፋይል እደረድራለሁ። ሥራው አይከፋም።

ደብዳቤው ስንት ጠረጴዛ እንደዞረ አላውቅም፤ የካቲት ላይ መዝጋቢዎች እንደገና ወደ ሰፈሩ ሄዱ። የእርዳታው እህል የደረሰው ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ያቺ ሴት በጓን ሸጣ ጨርሳ፣ ቤቷን ዘግታ፣ ልጆቿን ይዛ ለቀን ሥራ ባሕር ዳር ወርዳለች። ድርሻዋን አባ ተቀብለው በጎተራቸው አስቀመጡላት። ሰኔ ላይ ለዘር ተመልሳ ወሰደችው።

ትልቋ ልጇ ግን አልተመለሰችም። ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ እዚያው ሰው ቤት ተቀጥራ ቀረች። አባ ይቅር ብለውኛል። እናትዮዋም ገበያ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች፣ ልጆቼን በስም እየጠራች ትጠይቀኛለች። እኔ ግን ስለ ትልቋ ልጅ አንድም ቀን ጠይቄአት አላውቅም። ባሕር ዳር ለሥራ ስሄድም፣ ያለችበትን ሰፈር ከሰው ሰምቼ ዐውቀዋለሁ፣ በዚያ በኩል አላልፍም።