የቡዳፔስቱ ኮሪደር ስፋት

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ዝናባማ እንደነበር ለብዙ ሰው ተናግሬአለሁ። አሁን ስጽፈው ግን እጠራጠራለሁ፤ ዝናቡ የሌላ ቀን ሊሆን ይችላል። የማልጠራጠረው ነገር ቢኖር፣ ቡዳፔስት ውስጥ የአርክቴክቸር ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ ወደ አንድ የሕንጻ ልኬት ቢሮ መመደቤና እጄ ላይ ሜትርና ቱንቢ መሰጠቱ ነው።

ኃላፊያችን ኢሎና የሚባሉ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ነበሩ። እኔንና የአገሬን ልጅ ሙሉጌታን ይዘውን ወደ አንድ አሮጌ የመኖሪያ ሕንጻ ሄዱ። ከመስኮቶቹ በላይ በልስን የተቀረጹ የሴቶች ራሶች ነበሩ፤ አንበሳም የነበረ ይመስለኛል። ፊት ለፊቱ ቆሜ ወረቀት አወጣሁ።

«ምን እየሣልክ ነው?» አሉኝ።

«የፊት ገጽታውን።»

«እሱ የተሠራው ለመንገደኛ ነው። ሰዎቹ የሚኖሩት ከውስጥ ነው። ግባ።»

በጨለማ መተላለፊያ አልፈን ሰማይ ወደሚታይበት ግቢ ወጣን። በየፎቁ ግቢውን የሚዞር የብረት መደገፊያ ያለው ኮሪደር ተንጠልጥሏል፤ የሁሉም ቤት በር የሚከፈተው በእሱ ላይ ነው። አንዷ ምንጣፍ ታራግፋለች፣ ሌላዋ አተር ትፈለፍላለች። ማንም ሰው ቤቱ ለመድረስ የጎረቤቶቹን ወጥ ቤት ሁሉ አልፎ መሄድ አለበት።

ሙሉጌታ ቀና ብሎ አየና፣ «እዚህ ቤትማ ሹልክ ብሎ መግባት የለም። ሰፈራችንን ፎቅ ላይ ሰቅለውታል» አለኝ።

ሥራው ቀላል ነበር፤ ሆኖም ስህተት አይወድም። አንዱ የሜትሩን ዜሮ ግድግዳው ላይ ይይዛል፣ ሁለተኛው ልኩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። ከዚያ ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለው ሰያፍ ይለካል፤ ምክንያቱም አራት ማዕዘን የሚመስል ክፍል ሁሉ አራት ማዕዘን አይደለም። ዜሮ ያዡ ሙሉጌታ ነበር፣ አንባቢው እኔ።

ከተማዋን ያወቅኋት እንዲህ ነው፤ ከአደባባዮቿ ሳይሆን ከግቢዎቿ። ትምህርት በሌለ ቀን ክፍት በር ካየሁ እገባ ነበር። ረፋድ ላይ ፀሐይ ከላይኛው ፎቅ ተነሥታ ቀስ እያለች ወደ ታች ስትወርድ፣ ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሲያወሩ፣ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር እሠራለሁ እል ነበር።

የሠራሁት መጋዘን ነው። አሜሪካ፣ ኮለምበስ መጥቼ በአንድ ቢሮ ሌሎች የነደፉትን በሚሥል ድራፍትስማንነት ጀመርኩና የፕሮጀክት አርክቴክት ሆኜ ወጣሁ። በከተማዋ ዳርቻ፣ በሪከንባከርና በኦቤትስ ዙሪያ የእኔ መስመር ያለባቸው ጣራዎች ብዙ ናቸው፤ አያፈስሱም። አንድ ጊዜ በሠራተኞች መግቢያ በኩል ጥላ ያለው መቀመጫ ጨመርኩ። አለቃዬ ፕላኑን እያየ፣ «ይህን ማን ጠየቀህ?» አለኝ።

«ማንም።»

«እንግዲያው አውጣው።»

አወጣሁት።

የኮቪድ ወረርሽኝ ሲገባ ጡረታ ወጣሁ። በዓመቱ ቤተ ክርስቲያናችን ሬይኖልድስበርግ ውስጥ የቀድሞ የዕቃ መሸጫ ሱቅ ገዛችና ሽማግሌዎቹ ፕላኑን እንድሠራ ጠየቁኝ። በዚያ ሰሞን የምንገናኘው ፓርኪንግ ላይ ነበር። አምልኮው ያልቅና ስንብቱ ይጀመራል። ሰው መኪናውን ያስነሣል፣ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል፣ ያጠፋል፣ ይወርዳል። በረዶ እየጣለ ሳይቀር እንደዚያው ነበር። ስለዚህ ከበሩ ጀምሮ የሕንጻውን ጎን ተከትሎ የሚሄድ፣ ጣራና መደገፊያ ያለው ኮሪደር ሣልኩ። ካሁን በኋላ ሌላ ሕንጻ እንደማልሠራ አውቅ ነበር፤ የተመኘሁት ነገር አንዱ እንኳ ቢቆም የሚቆመው እዚህ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በሪከንባከር የጭነት መጋዘን ሱፐርቫይዘር የሆነው ታደሰ፣ ፕላኑን ዘርግቶ ብዙ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር አንድ ረድፍ ፓርኪንግ በላብን።»

«ሰው ከአምልኮ በኋላ የሚቆምበት ነው።»

«ሰውማ መቼ ሄዶ ያውቃል? መኪናው የት ይቁም ነው የምለው። ትንሽ ጠበብ ያድርጉት።»

«ከዚህ ከጠበበ ዋጋ የለውም። ቡዳፔስት ያለው ሦስት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል።»

«ለክተውታል?»

«ለክቼዋለሁ።»

«ስንት ነበር?»

ግቢው፣ ብርሃኑ፣ የአተሩ ሳህን ሳይቀር ፊቴ ላይ አለ፤ ቁጥሩ ግን የለም።

«እንግዲህ ቅር እንዳይልዎ» አለ ታደሰ። «እንዳለ ወደ ስብሰባ ከመጣ እኔ ድምፄን አልሰጥም። ሌሎቹም የሚሰጡ አይመስለኝም።»

እዚያው ቡዳፔስት ትዳር ይዞ ለቀረው ለሙሉጌታ ደወልኩ። ሕንጻው አሁንም እንዳለ ነገረኝ፤ ሊፍት ገብቶለታል። ሄዶ ኮሪደሩን እንዲለካልኝ ለመንኩት።

«በዚህ ዕድሜዬም ዜሮ ያዥ ነኝ ማለት ነው?» አለና ሳቀ።

ከዚያው ሆኖ በቪዲዮ ደወለልኝ። ሜትሩን ከግድግዳው እስከ መደገፊያው ዘረጋው። «አንድ ሜትር ከሃያ።»

«ተሳስተሃል፤ ድገመው።»

«ደግሜዋለሁ። ካላመንክ አውሮፕላን ተሳፈር።»

በዚህ መሐል አንዲት ሴት ዘንቢል ይዘው መጡ። ሙሉጌታ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፣ ስልኩ ወደ ላይ ዞረና ሰማይ ብቻ ታየኝ። ድምፃቸውን ግን እሰማ ነበር። ሴትዮዋ ይቅርታ ጠየቁ፣ ምን እንደሚለካ ጠየቁት፣ እሱም ነገራቸው፣ እሳቸው ስለ ጉልበታቸው ማውራት ጀመሩ። የረሳሁት የመሰለኝን ቋንቋ ግማሹን ያህል ተረዳሁት። ጎረቤቶቹን የሚያስተዋውቃቸው የኮሪደሩ ጥበት ነበር። ያለ ሰላምታ የሚተላለፉበት ቦታ የለም። እኔ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል እስከማይቀረው ድረስ አስፍቼው ነበር።

በማግስቱ ፕላኑን በእውነተኛው ልክ ደግሜ ሠራሁት። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡ ምእመናን ስላሉን በየበሮቹ አጠገብ ሰፋ አደረግሁት፤ ደንቡም ያስገድዳል። የቀረው በሕንጻው ጎን ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ልክ ገባ። ከፓርኪንጉ አንድም ቦታ አልነካም። ታደሰ ራሱ ወርዶ ለካው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያውኑ ይሄን ቢያመጡልን ምን ያጨቃጭቀን ነበር?»

«መጀመሪያ አላውቀውም ነበራ።»

ስብሰባው ተቀበለው። በ2022 ተሠርቶ አለቀ። በመጀመሪያው እሑድ ታደሰ ኮሪደሩ ላይ ከሚያወሩ ሰዎች ኋላ ተይዞ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ሲል አየሁት። አንዷ ዞር ብላ እናቱ ተሻላቸው ወይ ብላ ጠየቀችው። የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተና ይነግራት ጀመር።

ለጀማሪ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። የወደዳችሁት ቦታ በትዝታችሁ ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል። ፕላን ላይ ከማስገባታችሁ በፊት አስለኩት።