ለደሴ የላክነው የዓሣ ሙቀት

ሐይቅ ከተማ የምሠራበት የመሬት ጽሕፈት ቤት አንድ ሰርቨር ነበረው። አንድ ይባል እንጂ በሆዱ የብዙ ማሽኖችን ሥራ ይዟል፤ የአምባሰል ገበሬ የይዞታ መዝገብ፣ ካርታው፣ የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ ሳይቀር እዚያው ሆድ ውስጥ ነው።

የማሽኑን ውሎ፣ ማለትም ምን ያህል እንደተጨናነቀና ክፍሉ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ደሴ ላለው የክትትል ሰርቨር እንዲልክ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ሙቀቱ እነሱ ስክሪን ላይ ቀይ ሆኖ ከሰነበተ አዲስ ኤሲ ይላካል ተብሏል። የእኛው አሮጌ ኤሲ ያቃስት ነበርና ቀዩን እንደ ሠርግ ቀን ጠበቅኩት።

ችግሩ፣ ከተማችን ዓሣ አላት፣ መሥሪያ ቤታችን ግን ፍሪጅ የለውም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የገዛውን ዓሣ እስከ መውጫ ሰዓት የሚያስቀምጠው ቀዝቃዛው ሰርቨር ክፍል ነው። በረዶ የተሞላው ትልቁ ባልዲ የአለቃዬ ነው። በሩ ሲከፈት ሲዘጋ እየዋለ ሙቀቱ ቀላ።

ከደሴ ተደወለ። «ክፍላችሁን ምን ነካው? ባለሙያ እንልካለን» ሲሉ አለቃዬ ባልዲውን አሰበ።

«አንተ፣ የቤት ገመና ለጎረቤት ይነገራል?» ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ ከማሽኑ ጀርባ የታሰረውን የቴርሞሜትር ሽቦ ፈቶ፣ ጫፉን በገዛ እጁ ባልዲው ውስጥ ዓሣው መሀል ሻጠው። ስከራከረው «ክፍሉ ውስጥ ነው እኮ፤ ምን ዋሸን?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ለደሴ የምንልከው የዓሣ ጤንነት ሆነ። አረንጓዴያችን ያስቀና ነበር። የምስጋና ደብዳቤ ደረሰን፤ ለእኛ የታሰበው ኤሲ ለሌላ ወረዳ ተሰጠ። አለቃዬ ደብዳቤውን በፍሬም ሰቀለው።

በግንቦት ሙቀት፣ ቅዳሜና እሑድ ቢሮው ተዘግቶ ሳለ አሮጌው ኤሲ አረፈ፤ ማሽኑም ተቃጠለ። ደሴ በመጨረሻ ያየው አረንጓዴ ነው። ሰኞ ስንገባ፣ አለቃዬ የረሳው ባልዲ ኮሪደሩን ሁሉ አከርፍቶት ጠበቀን።

የዚያን ዕለት ከአምባሰል አንድ አዛውንት ገበሬ መጡ። ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶባቸው ለፍርድ ቤት የይዞታ ማስረጃ ይፈልጋሉ።

«አባባ፣ ሲስተም የለም» አላቸው አለቃዬ።

ሽማግሌው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ዙሪያውን አዩ።

«አብሽር፣ ልጄ። መሬቴ እንደሁ ባለበት አለ፤ እንደ ዓሣችሁ አይሸትም። የሚገፋኝ ሰውዬ ግን ሲስተም አይጠብቅም፤ ዛሬም እያረሰ ነው።»