የባልቴቷ መኪና

ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የማገለግላት ማዳሜ ያገለገለ መኪና ልትገዛ ፈለገች። «የመኪና መሸጫዎች ሁሉ ሌቦች ናቸው፤ ያኒ፣ ማለቴ፣ መኪና የሚገዛው ከሰው ቤት ነው» ብላ ፋናር የሚባል ሰፈር ድረስ ይዛኝ ሄደች። ጥቁር የለበሱ ባልቴት ተቀበሉን። «የሟቹ ባለቤቴ መኪና ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልሄደበትም» ብለው አለቀሱ። ማዳሜም አብራ አለቀሰች። የእኔ እናት የሞተች ቀን «ያላ፣ ወደ ሥራሽ» ነበር ያለችኝ። ዋጋ እንኳ ሳትከራከር ቁልፉን ተቀበለች።

ውሃ ላመጣላት ኩሽና ስገባ አንዲት ያገሬ ልጅ ብርጭቆ ታጥባለች። እንደ ወጋችን «እግዜር ያጽናችሁ፤ ሰውየው መቼ አረፉ?» አልኳት።

«የትኛው ሰውዬ?» አለችኝ ቀና ሳትል። «ልጃቸው እኮ የመኪና መሸጫ አለው። መኪና ባመጣ ቁጥር ባላቸው ይሞታል።»