የይመኙሻል የጽሕፈት መኪና

የኮሌጁ ዕቃ ግምጃ ቤት ከአዳራሹ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ኮሌጁ ከአገልግሎት ያወጣቸውን የጽሕፈት መኪናዎች የሚሸጠው ለጸሐፊነት ትምህርት ለተመዘገቡ ብቻ ነው። በዚያ ዓርብ ጠዋት የቀረው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ይመኙሻል ልጇን አዝላ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ከንፈሯን ሰንጥቆት ከበሩ ስትደርስ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ወለተሐና መኪናውን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር።

«ዘገየሽ» አሏት ቀና ሳይሉ። «ሁለት ልጆች መጥተው ሲለምኑኝ ነበር። ያንቺ ስም ስለሚቀድም ነው ያስቀመጥኩልሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ከአንኮበር አውቶቡስ አጥቼ ነው…»

«ምክንያቱን ተይና ስሚኝ። የራሷ መኪና የሌላት ተማሪ ክፍል አትገባም። ይህ ደግሞ እንደ ድስት ገዝተሽ ተሸክመሽ የምትሄጂው ዕቃ አይደለም። የመኪናውን ቁጥርና የፊደሉን ናሙና በምትኖሪበት ቀበሌ አስመዝግበሽ፣ ማኅተም አስመትተሽ፣ ሰኞ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ታሳዪኛለሽ። ያለዚያ መኪናውም ቦታሽም ለተከታይዋ ነው። የኔ ቃል አይደለም፣ መመሪያ ነው።»

ዘመኑ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ክፉው ጊዜ ጋብ ብሏል ይባላል፤ የሚባለውን ግን ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም። የጽሕፈት መኪና አሁንም እንደ ጠመንጃ ነው። ወረቀት በተነ የተባለ ሰው ቤቱ ሲፈተሽ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው እሱ ነበርና።

ይመኙሻል ይህን ሁሉ ታውቃለች። የምታውቀው ሌላም ነገር አለ። ባሏ ኃይለ ገብርኤል ከዘመተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሰባት ወር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች ሴት ልጇን በተስፋ ብቻ አታሳድግም። የጸሐፊነት ሙያ ካላት ግን የትም መሥሪያ ቤት ትገባለች። አባቷ ጊደራቸውን የሸጡት ለዚሁ ነው። መኪናውን ብድግ ስታደርገው ከበዳትና «ጊደሯ ብረት ሆነች እንጂ መች ተሸጠች» አለች በልቧ።

«በይ ሞክሪው» አሉ እትዬ ወለተሐና ወረቀት እያቀበሏት። «ኋላ ፊደል ጎደለው ብለሽ ብትመጪ አልሰማሽም።»

ይመኙሻል ወረቀቱን በጎማው ላይ ጠቅልላ አስገባችና ጥቂት አሰበች። አባቷ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ብራና ፍቀው፣ መቃ ቀርጸው መጽሐፍ የሚገለብጡ። አዲስ ብዕር በቀረጹ ቁጥር አስቀድመው ባዶ ገጽ ላይ ሦስት ቃል ይጽፋሉ፤ «ፍትነተ ብርዕ ሠናይ»። የመልካም ብዕር መሞከሪያ እንደ ማለት ነው። ያልተፈተነ ብዕር ቅዱስ ቃል ላይ አያርፍም ይላሉ። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ እስክሪብቶ እንኳ ስትገዛ የምትሞክረው በዚያው ነው። በአንድ ጣቷ ፊደል እየፈለገች መታቻቸው። ሦስቱም ቃላት ጥርት ብለው ወጡ።

እትዬ ወለተሐና አጎንብሰው አዩ። «አባትሽ ቄስ ናቸው እንዴ?»

ይመኙሻል ደነገጠች። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ሥራ» በሚለው መስመር የሞላችው «ገበሬ» ብላ ነው። የካህናት ልጆች ቅጻቸው እየተመለሰ «ጠብቁ» ይባላሉ ሲባል ሰምታ ነበር።

«ያርሳሉ» አለች። ውሸት አይደለም፣ ያርሳሉ።

በዚህ መሐል ልጇ ነቅታ አለቀሰች። ደረሰኙንና የኮሌጁን ደብዳቤ ኪሷ ከታ፣ መኪናውን ክዳኑን አልብሳ ወጣች። ወረቀቷ ግን ከጎማው ላይ እንደተጠቀለለች ቀረች።

ወደ አንኮበር በምትመለስበት አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡት ዙቤዳ የሚባሉ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነበሩ። ከፊት ወንበር ያው ከዚያው አገር የሆኑት አያ አሊ የጨርቅ ጥቅላቸውን አቅፈዋል። ከከተማው ወጥተው ብዙ ሳይርቁ ኬላው ላይ ቆሙ። ጠመንጃ ያነገተ ካኪ ለባሽ ወጣት ገባ። ሌላው ጠባቂ ከውጭ «ጓድ ወልደአረጋይ፣ ከኋላ ጀምር!» ሲለው አያ አሊ ወደ ዙቤዳ ዘንበል ብለው «ስሙስ የታቦት ጎረቤት ነው» አሉ በሹክሹክታ።

«ዝም በሉ እባክዎ፣ ምላስዎ ያስቀረናል» አሉ ዙቤዳ።

ፈታሹ ይመኙሻል እግር ሥር ሲደርስ ቆመ። «ይህ ምንድን ነው?»

«የጽሕፈት መኪና ነው፣ ጓድ። ለትምህርት ነው የገዛሁት። ወረቀቱ ይኸው።»

ደብዳቤውን አነበበ፣ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው። አሳልፎ ሊሄድ ሲል ክዳኑን ገለጠ። ይመኙሻል ያን ጊዜ ነው ወረቀቷ ትዝ ያለቻት።

«ይህንን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ፊደሉን ስሞክር ነው።»

«ፍትነተ… ብርዕ…» ብሎ ጀመረና ተወው። «በምን ቋንቋ ነው?»

«በግዕዝ። የብዕር መሞከሪያ ማለት ነው።»

«ብዕሩ የታለ?»

አያ አሊ አላስቻላቸውም። «ጓድ፣ እኔም ስንት ክንድ ጨርቅ ይዤ ክንዱ የታለ የሚለኝ አልመጣም።»

የሳቀ ሰው የለም። ወጣቱ ዞሮ አያቸው፤ አያ አሊ ጥቅላቸውን አጥብቀው አቀፉ።

«ደብዳቤው ያለው ለመኪናው ነው» አለ ወደ ይመኙሻል ተመልሶ። «ለጽሑፉ የተሰጠ ደብዳቤ የለም። ውረጂ። መኪናውንም ይዘሽ።»

«ልጅቷን ለኔ ስጪኝ» አሉ ዙቤዳ። ይመኙሻል ራሷን ነቀነቀች። ልጇን ከጀርባዋ ብትፈታ መልሳ የማታዝላት መሰላት። «ይሁን፤ አላህ ያግራልሽ። እኔ እያለሁ ይህ አውቶቡስ ንቅንቅ አይልም!» ብለው ዙቤዳ ወደ ሾፌሩ ጮኹ።

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሣጥን ብቻ ነበር። ወልደአረጋይ ከሣጥኑ ውስጥ ተጣጥፋ የተቀመጠች ወረቀት አወጣ። በመኪና የተጻፈች ናት፤ ዳሯ ላይ ከግድግዳ ስትላቀቅ የተከተላት ሙጫ አለ። ከይመኙሻል ወረቀት ጎን ዘረጋትና ፊደል በፊደል ማስተያየት ጀመረ።

ይህ ለይመኙሻል አዲስ ፍርሃት ሆነባት። መኪናው ወደ እሷ ከመምጣቱ በፊት በማን እጅ ምን ሲጽፍ እንደኖረ አታውቅም። እሷ የጻፈችው ሦስት ቃል ነው፤ እሱ ግን ስንት ዓመት ጽፏል። የወጣቱን ጣት በዓይኗ ተከተለች። «ር» ላይ ቆመ፣ «ነ» ላይ ቆመ፣ ወደ ሌላዋ ወረቀት ሄደ፣ ተመለሰ። ውጭ የአውቶቡሷ ጥሩምባ ጮኸ።

«ፊደሉ አይመሳሰልም» አለ በመጨረሻ። «ግን ሰው በማያውቀው ቋንቋ የሚጻፍ ነገር ለማን እንደሚጻፍ እኛ እናውቃለን። እውነቱን ካልነገርሽኝ መኪናው እዚህ ይቀራል። አንቺም ወደ ከተማ ትመለሻለሽ።»

የልጇ መጠቅለያ ጨርቆች መሐል ትንሽ ዳዊት አለ። አባቷ ለመንገድ ብለው የሰጧት፣ ራሳቸው የጻፉት፣ በቆዳ ማኅደር ያለ። ካወጣችው የማን ልጅ እንደሆነች ታወቀ ማለት ነው፤ ወሬውም ኮሌጅ ይደርስ ይሆናል። ካላወጣችው ደግሞ ኮሌጁም የለ። ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ጨርቆቹን ፈለገችና ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አባቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው። የመጀመሪያውን ገጽ ይግለጡት።»

ወልደአረጋይ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ሣጥኑን አስደገፈ። ዳዊቱን ሲያወጣ በአንድ እጁ ሳይሆን በሁለት እጁ ነው የያዘው። ባዶው ገጽ ላይ፣ ከጥግ በኩል፣ በአባቷ ቀጥ ያለ እጅ ሦስቱ ቃላት ተጽፈዋል፤ «ፍትነተ ብርዕ ሠናይ»። ብዙ ጊዜ አየው። ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበም።

«ይህችን ወረቀት ቀበሌሽ አይቶ፣ የአባትሽን ሥራ ጽፎ ማኅተም ያድርግባት። ሰኞ ስታልፊ አያለሁ። መጽሐፉ እስከዚያ እዚህ ይቆያል።»

«ጓድ፣ የአባቴ ነው…»

«መኪናውን ልያዘው?»

ይመኙሻል መኪናዋን አንሥታ ወጣች። አውቶቡሷ ውስጥ ዙቤዳ ክንዷን ይዘው አስቀመጧት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ማታውን መሪጌታ የሆነውን ሁሉ ሰሙ። «ዳዊቱ አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል» አሉ። እሷ አንገቷን ደፋች። «ቢቀር ሌላ ክረምት አለ። አንቺ ግን ሌላ መኪና የለሽም። ደግ አደረግሽ።» ትንሽ ቆይተውም «ወረቀት ከነጽሑፉ ትቶ መሄድን ግን ከኔ አልተማርሽውም» አሉ። ይህ ከምስጋናው ይልቅ ዘልቆ ተሰማት።

ቅዳሜ የቀበሌው ሊቀ መንበር የመኪናውን ቁጥር መዝግቦ፣ የፊደል ናሙና የሆነችውን ያችኑ ወረቀት አገላብጦ «የአባትሽን ሥራ ምን ብዬ ልጻፈው?» አላት። እሷም ሌሊቱን ስታስብበት አድራ ነበርና «ገበሬና ጸሐፊ» አለችው። ሊቀ መንበሩ ሳቅ አለና እንዳለችው ጽፎ ማኅተሙን መታበት።

ሰኞ ጠዋት ኬላው ላይ የገባው ፈታሽ ሌላ ሰው ነበር። ወረቀቷን አይቶ «እለፊ» አላት። አውቶቡሷ ልትነሣ ነው። ይመኙሻል ብድግ አለች።

«ጓድ ወልደአረጋይ የሉም?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ዕቃ አለኝ እሳቸው ዘንድ።»

ሾፌሩ ዞሮ «እህት ዓለም፣ ወይ ውረጂ ወይ ተቀመጪ!» አለ። ከወረደች ስድስት ሰዓት ያልፋል። ካልወረደች የአባቷ አንድ ክረምት እዚያ ድንኳን ውስጥ ይቀራል። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ እንዳደረገች ወልደአረጋይ ከድንኳኑ ወጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ወረቀቷን ተቀብሎ «ገበሬና ጸሐፊ» የሚለውን አነበበ፣ ማኅተሙን አየ፣ መለሰላት። ጥቅሉንም አብሮ ሰጣት።

«ሁለተኛ መንገድ ላይ ወረቀት ጎማው ላይ አትተዪ» አለ።

ግምጃ ቤቱ ስትደርስ ሁለቱ ተጠባባቂ ልጆች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሰዓቱ አምስት ተኩል አልፏል። እትዬ ወለተሐና ወረቀቷን ከቅጿ ጎን አድርገው አነበቡ። «ገበሬ» ከሚለው ወደ «ገበሬና ጸሐፊ»፣ ከዚያ ወደ ፊቷ። ይመኙሻል ዓይኗን አልሰበረችም።

«ጸሐፊነቱን ቅጹ ላይ ረስተሽዋል» አሉ።

«ረስቼው ነው፣ እትዬ።»

መዝገቡን ሳቡና የመኪናውን ቁጥር ከስሟ አጠገብ ጻፉ። «ክፍል ሦስት። ስምንት ሰዓት ላይ ይጀመራል።» ከአግዳሚው ላይ ሁለቱ ልጆች ቀስ ብለው ተነሡ፤ ሊያዩዋት ባይፈልጉም ይመኙሻል አዘነችላቸው።

ውጭ፣ ፀሐይ ያረፈበት ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ልጇን እያጠባች ጋዜጣውን ፈታች። ዳዊቱ ደኅና ነው፤ ማኅደሩም አልተነካም። አንድም ቅጠል እንዳልጎደለ ልታይ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ከአባቷ ጽሑፍ ሥር፣ ከዓርብ በፊት ያልነበረ መስመር አለ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ መቃ የለመደ፣ ግን ብዙ ዓመት የተወው እጅ የጻፈው። መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ መጨረሻው ይቃናል።

«ፍትነተ ብርዕ ሠናይ።»

ይመኙሻል ዳዊቱን ዘግታ በልጇ ጨርቆች መሐል ጥልቅ አድርጋ ሸሸገችው። ይህ ገጽ ከእንግዲህ መሸሸግ ያለበት ለእሷ ብቻ ሲባል አልነበረም።