በጋሽ ከድር ሳሎን የተለቀሰ ለቅሶ

ሰሞኑን ከምሠራበት ሱቅ ስገባ ልጄ ስልኳን ታቅፋ ስታለቅስ አገኘኋት። ደንግጬ ምን ሆንሽ ስላት፣ የምትከታተለው የድሮ ዘመን ድራማ ላይ የምትወደው ጀግና ተገድሎባት ነው። ከድራማው ሥር ሰዉ ከየአገሩ "ነፍስ ይማር"፣ "ከዛሬ ወዲያ ይህን ድራማ አላይም" እያለ የእንባ ምስል ደርድሯል። አንዱማ ደራሲውን እስከ ዘር ማንዘሩ ይረግማል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅባት ነበር። ያን ቀን ግን እግሬ አብጦ፣ ለመሳቅም ደክሞኝ፣ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ በርበሬ ሸተተኝ።

ልጅ እያለሁ፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን የነበረው ጋሽ ከድር ቤት ብቻ ነው። መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ስለነበራቸው ሳሎናቸው ግማሹ መጋዘን ነበር። እሑድ ከሰዓት የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጠን፣ የበርበሬ ጆንያ ተደግፈን ድራማ እናያለን። ጎበዜ የሚባል የጥንት ዘመን ወታደር ነበረበት፤ ተጫዋች፣ ሰው አክባሪ፤ ሴቶቹ "ልጃችን" ነበር የሚሉት። እንባው የመጣበትና ያፈረ ሰው "በርበሬው ነው" ይላል። ማንም አያምነውም፣ ማንም አይከራከረውም።

ጎበዜን ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ብርሃኑ ዘምቷል። ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ "ይዤሻለሁ፣ አትፍሪ" ይለኝና ሳይነግረኝ ይለቀኛል። እትዬ አስካለ ጎበዜ ብቅ ባለ ቁጥር "አካሄዱ ቁርጥ ብርሃኑን!" ይላሉ። ጎበዜ አጭር ነው፣ ብርሃኑ ባሕር ዛፍ የሚያህል ረጅም። ግን እናት ናትና ማን ይከራከራል።

አንድ ሰሞን የትልልቆቹ ጠባይ ተለወጠ። እናቴ ወጥ እያማሰለች ታለቅሳለች። ጋሽ ከድር እትዬ አስካለን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ኋላ እንደተረዳሁት የብርሃኑ ሞት ተሰምቶ ኖሯል። መርዶ ደግሞ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። የእትዬ አስካለ ወንድም ከዲላ እስኪመጡ ድረስ ሰፈሩ እንባውን ውጦ ከሳቸው ጋር መሳቅ ነበረበት።

በዚያው እሑድ ጎበዜ ሞተ። ወንዝ ሲሻገር በጥይት ተመትቶ ወደቀ። ሳሎኑ ውስጥ የፈነዳው ለቅሶ ግን የድራማ ለቅሶ አልነበረም። እናቴ ደረቷን መታች። የጋሽ ከድር ባለቤት ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ጋሽ ከድር ራሳቸው ፊታቸውን ወደ ጆንያው አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔም ለጎበዜ መስሎኝ አብሬ ተንሰቀሰቅሁ።

እትዬ አስካለም ሲያለቅሱ ቆዩና ድንገት አቆሙ። እያንዳንዳችንን በየተራ አዩን።

"ምነው፣ ለቴሌቪዥን ይህን ያህል?" አሉ።

"በርበሬው ነው" አሉ ጋሽ ከድር፣ ሳይዞሩ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ "እንግዲያው ለእናቱም ንገሯት። እያሳቃችሁ አታቆዩአት" ብለው ወጡ። ወዲያው የተከተላቸው ሰው አልነበረም። በኋላ ግን እናቴ ሄዳ አብራቸው አደረች፤ ሁለቱም ስለ ብርሃኑ አንዲት ቃል አልተነፈሱም አሉ። በማግስቱ ማለዳ ወንድማቸውና ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በሩ ተከፍቶ፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ ነበር። እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል።

ይህን ሁሉ ለልጄ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ደከመኝ። ስልኳ ላይ ለቅሶው አሁንም ይጎርፋል፤ ከለቀስተኞቹ አንዱም ሌላውን አያውቀውም። በእነሱ አልፈርድም፣ እንባ እንባ ነው። እኔ ግን ባለፈው ዓመት የወንድሜን ሞት ያነበብኩት በዚሁ በስልክ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቅ ቆሜ፣ ለደንበኛ ሳሙና እያቀበልኩ። ቀና ብዬ አየሁ። አብሮኝ አልቅሶ በርበሬው ነው ብሎ የሚዋሸኝ አንድም ሰው አልነበረም።