ቆሞ የኖረው መኪና

ባለፈው ሳምንት ልጄ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ቡሬ ድረስ ይዞኝ ሄደ። ሁለት አቅርበውለት ነበር፤ አንዱ ጎኑ የተፋፋቀ፣ ብዙ አገር የዞረ፣ ሌላው ቀለሙ ያልደበዘዘ፣ ቆጣሪውም እምብዛም ያልገፋ። ደላላው የሁለተኛውን በር ከፍቶ «አባቴ፣ እስቲ ጎንበስ ብለው ይዩት፤ ቆሞ የኖረ ነው እንጂ አዲስ ማለት ነው» አለኝ። አንገቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ የአይጥ ሽንት፣ የሻገተ ወንበርና የከረመ ቤንዚን ሽታ ተደባልቆ መታኝ፤ በሩን ይዤ ቆምሁ። ልጄ እርጅና መስሎት ደገፈኝ። እርጅና አልነበረም። ያንን ሽታ በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ፣ እዚያው ቡሬ ላይ አሽትቼው ነበር።

አባቴ በቅሎ አዋቂ ነበር። ከሽንዲም፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምትባለው ያኔ ግን ስሟ ወጀት ከነበረችውም ከተማ፣ በቅሎ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው እርሱን ነው። ከንፈሯን ገልጦ በጥርሷ ዕድሜዋን ይናገራል፤ ኮቴዋን አንሥቶ ስንት ዳገት እንደወጣች፣ ጀርባዋን በመዳፉ ዳስሶ ስንት ጭነት እንደቻለች ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም ለማለት ባልደፍርም፣ ፊት ለፊት ተሳስተሃል ያለው ሰው ግን አላየሁም።

ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ሌላ እውቀት አማረው። ጣሊያን መንገድ ሲያወጣ ከአንድ ፈረንጅ ግቢ ገብቶ መኪና መጠገን፣ ኋላም መንዳት ተማረ። አባቴ «የጠላት እንጀራ የሚበላ ልጅ የለኝም» ብሎ ቃል ነሣው፤ ከቤት ግን አላስወጣውም። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል መልእክተኛው እኔ ሆንሁ። በአንድ እሳት ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠው አባቴ «አንዷለም፣ በሩን ዝጋ በለው» ይላል፤ ደምሴ እጁ በሩ ላይ ሆኖ እንኳ እኔ እስክነግረው ይጠብቃል። «ደምሴ፣ በሩን ዝጋ ብለዋል» እላለሁ። «እሺ ብሏል በላቸው» ይለኛል። ጎረቤት ይስቅብን ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ስኖር አንድ ክፉ ብልሃት ለመድሁ። ደምሴ ከደጅ ሆኖ «ጭቅጭቃቸው ሰለቸኝ በላቸው» ሲለኝ ገብቼ «እሺ ብሏል» እላለሁ። አባቴ «ያ ከንቱ መጣ?» ሲለኝ ወጥቼ «አባባ ምሳ በላ ወይ ብለዋል» እላለሁ። ቤቱ በሰላም የሚያድረው በእኔ ጥበብ ይመስለኝ ነበር። ለሰላም ብዬ ነው የሚል ውሸታም ከሁሉም የከፋ መሆኑን የተማርሁት ዘግይቼ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ጣሊያን ከወጀት ማዶ ያለውን የዘመዶቻችንን አገር አቃጠለ፤ ጎተራው ከነዘሩ ነደደ። የዚያው አገር ደብር አገልጋይ ቄስ አላምረው ግንቦት ሊያልቅ ሲል ቡሬ መጥተው ከደጃችን ቆሙ። «ሕዝቡ የሚበላውን ሣርም ቅጠልም ብሎ ያገኛል፤ የሚዘራውን ግን ከየት ያምጣ? ሰኔ ካለፈ መሬቱ አይጠብቀንም» አሉ። የቡሬ ዘመድ ዳጉሳና በቆሎ አዋጣ። የሚጭነው ግን ጠፋ፤ በቅሎዎቹን ወታደር ነድቷቸዋል። በዚሁ መካከል የደምሴ ፈረንጅ ሥራውን ጨርሶ ሊሄድ ስለነበር፣ ካሉት ሁለት የጭነት መኪኖች አንዱን በሰንጋ እለውጣለሁ አለ። ሽማግሌዎቹ መክረው፣ ምርጫውን ለአባቴ ሰጡት። ዳኝነት የለመደ እርሱ ነዋ!

አባቴ በፈረንጅ ግቢ እግሬ አይረግጥም ስላለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደምሴ ሁለቱን መኪኖች እያስነሣ ወደ ሜዳው አወጣቸው። አንዱ ጎንና ጎኑ ተገጫጭቶ ቀለሙ የተላጠ፣ ሲነሣ እንደ ሽማግሌ የሚያስል ነበር። ሌላው ታጥቦ ያብረቀርቃል። አባቴ ኩታውን አደግድጎ ዞራቸው፤ ጎማቸውን እንደ ኮቴ ጎንበስ ብሎ አየ፣ የሞተሩን ክዳን እንደ ጀርባ ዳሰሰ።

«እንግዲህ ጥርሱን እንዲገልጥልዎ ይንገሩት!» አሉ ቄስ አላምረው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ የሚያብረቀርቀውን መኪና በር ከፍቶ አንገቱን አስገባ፣ እኔም በክንዱ ሥር ሾልኬ አስገባሁ፤ ያ ሽታ እዚያ ነበር። ከዚያም ራቅ ብሎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመና «ዕድሜያቸው ስንት ነው፣ ምን ያህልስ ሄደዋል በለው» አለኝ።

ሮጥሁ። ደምሴ ቆጣሪዎቹን አሳየኝ፤ «ዕድሜያቸው እኩል ነው። ይኼ የተላጠው የዚያን ሦስት እጥፍ ሄዷል። ያኛው ሁለት ክረምት ሣር ውስጥ ቆሞ ነው የኖረ» አለኝ። ይህን እንደነገረኝ አደረስሁ። የአባቴ ፊት በራ።

«ሁለት ክረምት ያረፈ! ሁለት ክረምት ያረፈች በቅሎ ስታገኝ የደከመችውን ትገዛለህ እንዴ? ያረፈውን ነው የምንይዝ። እርሱስ ምን ይላል? ጠይቀው።»

ደምሴ ይህን ሲሰማ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቁጢጥ አለና ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ስማኝ አንዷለም፣ አንድም ቃል እንዳታጎድል። ብረት አያርፍም በላቸው። በቅሎ ስትቆም ትወፍራለች፣ መኪና ሲቆም ይበሰብሳል። የፍሬኑ ጎማ ደርቋል፣ ቧንቧውን ዝገት በልቶታል፣ የምለውጥበት ዕቃ የለኝም። የተላጠው ግን በየሳምንቱ ሲጠገን የኖረ ነው። በቅሎና ብረት ካልለዩ ዝም ይበሉ በላቸው!»

ሜዳው ሰፊ አልነበረም፤ ለእኔ ግን የዚያን ዕለት አላልቅ አለኝ። ስድቡን ብቻ ልጣለው ብዬ ነበር። ነገር ግን አባቴ በሽማግሌዎች መካከል፣ ፊቱ እንደበራ፣ ፍርዱን ሰጥቶ ቆሟል፤ ከስድቡ የተረፈውም ያው ተሳስተሃል ማለት ነው።

«ምን አለ?» አለኝ።

«ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ እርስዎ እንዳሉ ይሁን ብሏል።»

«ልብ ገዝቷል!» አለ አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ደምሴ በጎ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ለደምሴም ተመልሼ «ሰምተዋል፤ ያረፈው ይሁን ብለዋል» አልሁት። ጨርቁን መሬት ላይ ወረወረው። «እንግዲያው እኔ ነግሬያለሁ» አለ።

ሰኞ ዘሩ ተጫነ። ደምሴ ከላይ ማንንም አላስቀምጥም አለ። ቄስ አላምረው «ልጄ፣ እግሬ ደክሟል፣ ከዘሩ ጋር ልውጣ» ቢሉት «ይቅርታ አባ፣ ዛሬ በእግርዎ ይምጡ» አላቸው። እኔ ተሸሽጌ ከጆንያው መካከል ብገባ በብብቴ ይዞ አወረደኝ፤ «አንተማ በጭራሽ!» አለኝ። አባቴ «የነጂ ኩራት» ብሎ አጉረመረመ። መኪናው ሰው እንደሚራመድ እየተንፏቀቀ ሄደ፣ እኛም በእግር ተከተልነው።

ወደ ወንዝ የሚጥለው ቁልቁለት አናት ላይ ስንደርስ መኪናው እመሃል ነበር። ሞተሩ ያለቅስ ነበር፤ ድንገት ድምፁ ተለወጠ፣ ፍሬኑ እንቢ ብሎ መኪናው ፈጠነ፣ የጆንያው ክምርም መወዝወዝ ጀመረ። ከታች ውኃ የቀዱ ሴቶች መንገዱን ይዘው እየወጡ ነበር። «ልቀቁ! መንገዱን ልቀቁ!» ሲል የደምሴ ድምፅ ከሞተሩ በላይ ተሰማ። ሴቶቹ ደንግጠው ቆሙ። ያን ጊዜ መሪውን ለመንገዱ ወደ ተቆረጠው የዳገት ግድግዳ ጠመዘዘው፤ መኪናው ግድግዳውን ፍቆ፣ ፍቆ፣ በጎኑ ተኛ። ዳጉሳው እንደ ውኃ ፈሰሰ።

ስንደርስ ቀኝ እግሩ ከሥር ነበር። ወንዶቹ በግንድ ፈልቅቀው አወጡት። አባቴ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የልጁን ራስ በጭኑ ላይ አደረገና በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ጠራው።

«ደምሴ! ደምሴ ልጄ! ሁለቱም ደኅና ናቸው ብለህ አልነበረም ወይ?»

ደምሴ ዓይኑን ገለጠ። አባቴን አየ፣ ቀጥሎ እኔን ፈለገኝ። እኔ ከጭቃው የሰበሰብሁትን ዳጉሳ በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። እንደዚያ ሰው አይቶኝ አያውቅም።

«አዎ አባባ» አለ። «ብዬ ነበር።»

ዘሩን ሴቶቹ በነጠላቸው ለቀሙት፤ ግማሹ ያህል ዳነ፣ ከወጀት ማዶም ያው ተዘራ፣ ያልደረሰው ከደረሰው ተበደረ። ደምሴ ዳነ፣ እግሩ ግን አልተመለሰም። ከአባቴ ጋር ከዚያ ቀን ጀምሮ ይነጋገሩ ነበር፤ እኔ ከመልእክተኛነቴ ተሻርሁ። አባቴ ግን በቀረው ዘመኑ ሁሉ ወንድሜን በርኅራኄ ነበር የሚያየው፤ «ፈረንጁ ምኑንም አላስተማረውም» ይል ነበር። የቡሬ ሰውም ይህንኑ ተቀበለ። ጣሊያን ወጥቶ መኪና በየነጋዴው ደጅ ሲቆም፣ ያንን አንካሳ «እስቲ እየው» ያለው አልነበረም። ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ሄደ፤ እጁ ሞተር የሚያውቅ ሰው ጆንያ እየቆጠረ ኖሮ እዚያው አረፈ።

ልናገር የምችልበት ጊዜ ብዙ ነበር። ቁስሉን ሳጥብለት ነበር፤ ወደ ነቀምት ስሸኘው ነበር፤ አባቴ ታሞ ደምሴን ሲያነሣ እጁን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ደምሴም አንድ ቀንም አልጠየቀኝም። ከቤታችን የጠፋውን ስቆጥር እግሩን አስቀድም ነበር፤ አሁን ግን ከእግሩ ይልቅ የወሰድሁበት ስሙ መሆኑ ይገባኛል። ልጆቼን ከመዋሸት መገረፍ ይሻላል እያልሁ አሳደግሁ፣ ገርፌያቸውማለሁ፤ ይህን ግን ለአንዳቸውም አልነገርሁም። እንግዲህ ይወቁት፦ ደምሴ መኪና ያውቅ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ያወቀ እርሱ ብቻ ነበር።